ድምፅ የማያሰማ የፍላጻ ኮሮጆ ስለ መምረጥ

የጎባቻ መንደር የአደን ኮሚቴ፣ ካላሃሪ። የዓመቱ ሦስተኛ ስብሰባ።

ቀን፦ ማክሰኞ ሚያዝያ 14፣ ዝናቡ ካቆመ በሦስተኛው ሳምንት።

ቦታ፦ ከሊቀ መንበሩ ቤት ፊት ለፊት፣ ግራሩ ሥር። ጥላው የሚበቃው ለአራት ሰው ነው።

ሰዓት፦ ለጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተጠርቶ አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሊቀ መንበሩ በመንደሩ ውስጥ የእጅ ሰዓት ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ስብሰባው እንዳልዘገየ አስረድቷል።

የተገኙ፦
1. ካሼ፣ ሊቀ መንበር
2. ኩሼ፣ የሊቀ መንበሩ ባለቤትና የሴቶች ተወካይ (ሴቶቹ መቼ እንደመረጧት የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ አልተገኘም)
3. ሽማግሌው ዳም፣ የቀድሞ አዳኝ፣ ኮሮጆ ሠሪ
4. ቦ፣ አዳኝ፣ የዳም የእህት ልጅ
5. ቶማ፣ አባል (ከታች አጀንዳ አንድን ይመልከቱ)
6. አቶ ሙዬንጋ፣ ከከተማ ከአንድ ድርጅት የመጡ ባለሙያ፣ በታዛቢነት
7. ኮዋና፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የማትሰጥ

አጀንዳ፦ ምልዓተ ጉባኤ ማረጋገጥ፤ ኮሮጆ መምረጥ፤ ልዩ ልዩ።

1. ስለ ምልዓተ ጉባኤ

በደንቡ መሠረት አምስቱም አባላት ካልተገኙ ስብሰባ የለም። አምስተኛው አባል ቶማ፣ የሊቀ መንበሩ አባት፣ ባለፈው የብርድ ወራት ማረፋቸው ተነሣ። አቶ ሙዬንጋ በሞተ ሰው ምልዓተ ጉባኤ እንደማይሞላ አሳሰቡ። ኩሼ በበኩሏ ቶማ የትም እንዳልሄዱ ገልጻ በአንቀልባ ያዘለችውን የሦስት ወር የልጅ ልጇን ዞር ብላ አሳየች። ሕፃኑ የሟቹን ስም ወርሷል። በእኛ ዘንድ ስም የወረሰ ሰውየው ራሱ ስለሆነ ሊቀ መንበሩም ልጁን የሚጠራው አባባ እያለ ነው።

አቶ ሙዬንጋ ሕፃኑ ስለ አደን ምን አስተያየት ሊሰጥ እንደሚችል ጠየቁ። ሽማግሌው ዳም፣ "ትልቁ ቶማም በስብሰባ ላይ ይተኙ ነበር" አሉ።

ሊቀ መንበሩ ወደ አንቀልባው ጎንበስ ብሎ፣ "አባባ፣ አለህ?" ሲል ጠየቀ። ሕፃኑ አስነጠሰ።

ውሳኔ 1፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ማስነጠስ መገኘት መሆኑ ተወስኗል።

2. ስለ ኮሮጆው

አቶ ሙዬንጋ እንዳስረዱት ድርጅታቸው ለመንደሩ ስድስት አዳኞች አንድ ዓይነት የፍላጻ ኮሮጆ ሊሰጥ ዝግጁ ነው። መስፈርቱ በወረቀት ተጽፎ መጥቷል። አንደኛ፣ አዳኙ ሲራመድ ፍላጻዎቹ እየተንኳኩ አውሬ እንዳያስደነብሩ ድምፅ የማያሰማ ይሁን። ሁለተኛ፣ ለትከሻ የሚመች ይሁን። መኪናው አሥር ሰዓት ላይ ስለሚመለስ ምርጫው ዛሬ ማለቅ አለበት።

የቀረቡት ናሙናዎች ሦስት ናቸው። ሀ፦ ሽማግሌው ዳም ከግራር ሥር ቅርፊት የሠሩት፣ ክዳኑ ቆዳ። ለ፦ ከከተማ የመጣ የቆዳ ኮሮጆ፣ የናስ ዘለበት ያለው። ሐ፦ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥቁር የጨርቅ ኮሮጆ፣ ውስጡ እንደ ጠቦት ጀርባ የለሰለሰ፣ ማንገቻው ሰፊ።

ናሙናዎቹ ባዶ ስለሆኑ ለሙከራው ፍላጻ ያስፈልጋል ተባለ። በቦ እጅ የነበሩት አራት ፍላጻዎች የጸሐፊዋ ናቸው፤ ከሟች ወንድሟ ወርሳ ለአደን አውሳዋለች፣ ዘንጋቸው ላይ በእሳት በተጠበሱ ሦስት ቀለበቶች ይታወቃሉ። በእነሱ ይሞከር ተባለ። ጸሐፊዋን የጠየቀ የለም።

አባላቱ ጀርባቸውን ሰጥተው እንዲቀመጡ፣ ቦ ከኋላቸው እንዲመላለስ፣ ድምፅ የሰማ እጁን እንዲያወጣ ተደረገ። ናሙና ለ ሲሞከር ዘለበቱ ተንቃጭሎ አባል ቶማን ቀሰቀሰ። ናሙና ሀ ሲሞከር ኩሼ እጇን አወጣች። ሽማግሌው ዳም፣ "የሰማሽው የራስሽን ሆድ ነው፤ ጠዋት ምንም አልበላሽም" አሏት። ኩሼም፣ "ጋሼ ዳም፣ እርስዎ እንኳን ኮሮጆ ነጎድጓድም ካልተነገረዎት አይሰሙም" ብላ መለሰች። ናሙና ሐ ሲሞከር ማንም ምንም አልሰማም። ሊቀ መንበሩ ይህ ታላቅ ውጤት መሆኑን ተናግሮ ዞር ሲል ቦ ቆሞ ሱረት ሲስብ ተገኘ። ሙከራው እንዲደገም ታዘዘ።

በሁለተኛው ሙከራ የሰው ጆሮ ስለሚያዳላ የሊቀ መንበሩ አህያ ትዳኝ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ተደገፈ። አህያዋ በናሙና ሀም፣ በናሙና ለም፣ በናሙና ሐም ጆሮዋን አቆመች። ቦ ባዶ እጁን ሲያልፍም አቆመች። አቶ ሙዬንጋ ይህንን በሪፖርታቸው እንዴት እንደሚያስገቡ ምክር ጠይቀዋል። ምክር አልተሰጣቸውም።

ኩሼ ፍላጻዎቹ ቢወጡ ኮሮጆው ድምፅ እንደማያሰማ ሐሳብ አቀረበች። ተሞከረ። ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ስለ ምቾት፣ ሊቀ መንበሩ ናሙና ሐን አንግቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠና እጅግ የሚመች መሆኑን መሰከረ።

"ለተቀመጠ ሰው ዝሆን መሸከምም ይመቻል" አሉ ሽማግሌው ዳም። "የተመታ አውሬ በመርዝ እስኪወድቅ ሁለት ቀን ዱካውን ተከተልና ከዚያ ስለ ትከሻህ ንገረኝ።"

"ጋሼ፣ እኔ የማነግተው በሊቀ መንበርነቴ ነው" ሲል ካሼ መለሰ።

ውሳኔ 2፦ ናሙና ሐ ተመርጧል። ባዶውን ድምፅ እንደማያሰማ ተረጋግጧል። ፍላጻ ይዞ ስላለው ጠባይ ቦ ፍላጻዎቹን መልሶ ከትቶበት እስከ ጫካው ጫፍ ደርሶ መጥቶ ሪፖርት እንዲያደርግ ተልኳል።

3. ልዩ ልዩ

ቦ እንደሄደ ሊቀ መንበሩ ከኮሮጆው ጋር የመጣውን ወረቀት አነበበ። "ይህ ዕቃ የኮሚቴው ንብረት ነው" ይላል። ሊቀ መንበሩ ከዚህ ተነሥቶ፣ ከኮሚቴው ኮሮጆ በወጣ ፍላጻ የተገደለ ሁሉ የኮሚቴው ሥጋ ነው፣ የሚያከፋፍለውም ሊቀ መንበሩ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ።

ሽማግሌው ዳም ተቃወሙ። የወጋ ማንም ይሁን፣ ሥጋው የፍላጻው ባለቤት ነው፤ የሚያካፍለውም ባለቤቱ ነው፤ ይህ ከአያቶቻቸው አያቶች ጀምሮ እንዲሁ እንደኖረ አስታወሱ። "ሥጋ የኮሮጆ ሆኖ አያውቅም። ዛሬ ለኮሮጆው ከሰጠን ነገ ጫማውም ድርሻዬ ይላል።"

ኩሼ የሚከተለውን ተናግራለች፦ "የኮሚቴ ቢሆን ምን ቸገረን? አንዲት ሴት ከነፍላጻዋ ቁጭ ብላ ለመንደሩ ሁሉ ስትቆርስ የኖረችው አይበቃም? ባለፈው ዓመት የደረሰኝ ጎድን፣ ጎድን ነበር ወይስ ማበጠሪያ?"

ጸሐፊዋ ለመናገር እጇን አወጣች። ሊቀ መንበሩ፣ "አክስቴ፣ አንቺ ጻፊ" አላት። ጽፋለች። ፍጠኚም ተብላለች፤ ፊደል በሃምሳ ሦስት ዓመቱ የቆጠረ እጅ ከዚህ በላይ እንደማይፈጥን ለሊቀ መንበሩ ተገልጾለታል።

ጸሐፊዋ ባልም ልጅም እንደሌላት፣ በአራቱ ፍላጻዎች ካልሆነ በቀር ሰው እሳቷ ዳር መጥቶ የሚቀመጥበት ጉዳይ እንደሌለው፣ ኮሚቴው ሳይጠይቅ ለመዝገብ ያህል እዚህ ላይ ሰፍሯል።

ድምፅ ተሰጠ። ሊቀ መንበሩ ደገፈ፣ ኩሼ ደገፈች፣ ኩሼ የሕፃኑን እጅ ወደ ላይ ስላነሣች አባል ቶማም ደገፉ። ሽማግሌው ዳም ተቃወሙ። ቦ በሥራ ላይ ነበር።

ውሳኔ 3፦ ከዛሬ ጀምሮ ከኮሚቴው ኮሮጆ በወጣ ፍላጻ የተገኘ ሥጋ የኮሚቴው ነው። ሊቀ መንበሩ ያከፋፍላል።

ወዲያው ኩሼ ለእናቷ የሽንጥ ሥጋ እንዲያዝ አመለከተች። በአባትነት ለአባል ቶማ የሚገባው ድርሻም ተለይቶ በእሷ በኩል እንዲሰጥ ጠየቀች። ሽማግሌው ዳም፣ "ይሰጣቸው፤ ጥርስ ሲያበቅሉ ይበሉታል" አሉ።

ውሳኔ 4፦ ሁለቱም ጥያቄዎች በሙሉ ድምፅ፣ ሽማግሌው ዳም እየሳቁ፣ ጸድቀዋል።

4. ስለ ቦ መመለስ

ቦ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ተመለሰ። ኮሮጆውን አልያዘም። ከስብሰባው ራቅ ብሎ፣ የጠፋ እሳት አመድ አጠገብ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ከዚያ ሽማግሌው ዳም ምን እንዳየ ጠየቁት።

"ምንም" አለ ቦ። "አጎቴ፣ እኔ ለአደን የምረባ ሰው አይደለሁም። ምናልባት አንድ ትንሽ ከሲታ ነገር።"

በዚህ ጊዜ ስብሰባው በደስታ ተቋረጠ። የመታ አዳኝ በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚናገረው፤ ከሲታ ካለ ሰብቷል፣ ትንሽ ካለ ትልቅ ነው። አቶ ሙዬንጋ ግን "ውጤት የለም" ብለው ጻፉ። ያረማቸው አልነበረም።

የተመታ አውሬ እስኪሞት ስሙ ስለማይጠራ ቦ ሁለት ጣቶቹን እያጠማዘዘ ወደ ላይ አንሥቶ ቀንዱን አሳየ። በዚህ ቃለ ጉባኤም የስሙ ቦታ ክፍት ተትቷል፦ ............

ቀጥሎ ቦ ከአውሬው ላይ ወድቆ ያገኘውን የፍላጻ ዘንግ መሬት ላይ አስቀመጠ። ጫፉ ከነመርዙ ሥጋ ውስጥ ቀርቷል። ዘንጉ ላይ ሦስት ቀለበቶች አሉ።

ሊቀ መንበሩ አስቀድሞ የጠየቀው ኮሮጆው የት እንዳለ ነው።

"ዛፍ ላይ ሰቅዬዋለሁ።"

"ለምን?"

"በደረትህ እየተሳብክ ስትጠጋ ኮሮጆ ታነግታለህ እንዴ? ቀስትና ሁለት ፍላጻ በእጅህ ይዘህ ነው እንጂ።"

አቶ ሙዬንጋ ይህ አሠራር ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁ። ሽማግሌው ዳም ከሁልጊዜ ጀምሮ መሆኑን፣ አዳኝ ሁሉ ወደ አውሬው ሲቀርብ ኮሮጆውን ጥሎ እንደሚሄድ አስረዱ። አቶ ሙዬንጋ ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ለምን እንዳልነገሯቸው ጠየቁ።

"ወንድሜ፣ አንተ የጠየቅኸው የትኛው ኮሮጆ ዝም እንደሚል ነው። ዛፍ ላይ ሲሰቀል ሁሉም ዝም ይላል።"

ሊቀ መንበሩ ፍላጻው ከኮሚቴው ኮሮጆ ወጥቶ ስለሄደ በውሳኔ 3 መሠረት ሥጋው የኮሚቴው መሆኑን አስታወቀ። ቦ የወጣው ከእጁ እንደሆነ ተናገረ። ኮሮጆው ባለቤት ከሆነ የተሰቀለበት ዛፍም ባለቤት ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ለግማሽ ሰዓት አከራከረ።

በመጨረሻ ሽማግሌው ዳም ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

"ካሼ ልጄ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ኮዋና ቀጭኑን ሥጋ ስትሰጠኝ እሳቷ ዳር ሄጄ እቀመጣለሁ። አልናገርም። አኮርፋለሁ። እሷ ትሳደባለች፣ እኔ ዝም እላለሁ። ሲመሽ አፍራ ትጨምርልኛለች። ኮሚቴ ላይ ማን ያኮርፋል? ኮሚቴ የት ቁጭ ብሎ ያፍራል?"

"እኔ ጋ ይምጡ፣ ጋሼ" አለ ሊቀ መንበሩ።

"እሺ። ከነገ ጀምሬ እመጣለሁ። ቦም ይመጣል። የቦ አማቶች ዛሬ ወሬውን ከሰሙ ነገ ማታ እዚህ ናቸው፣ እነሱም ይመጣሉ። የኩሼ እናት ሽንጡ ቀጥኗል ብላ ትመጣለች። በምዕራቡ የውኃ ጉድጓድ ያሉት ወንድሞችህ ለአባትህ የተለየውን ድርሻ ማን እንደበላው ሊጠይቁ ይመጣሉ። እኔ እንደምታውቀው ሳኮርፍ ሳምንት እቆያለሁ።"

ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየ። ኩሼ ወደ ጆሮው ተጠጋች፤ የተናገረችው ሁሉም ስለሰማው ተመዝግቧል፦ "እኔ ይህን ሁሉ ሰው ደጄ ላይ ተጎልቶ አላይም። ኮዋና የለመደችው ነው፤ ታካፍለው፣ ትሰደብበት።"

ጸሐፊዋ ሥጋውን ለማካፈል ፈቃደኛ መሆኗን ተጠየቀች። ፈቃደኛ ናት። ለማን ምን እንደምትሰጥ ተጠየቀች። አውሬው ገና እንዳልሞተና እስኪሞት ስለ እሱ እንደማይወራ አስታወሰች።

ውሳኔ 5 እና የመጨረሻ፦ ከውሳኔ 1 እስከ 4 ያሉት ሁሉ ተሽረዋል። ኮሮጆ አልተመረጠም። ሥጋው የፍላጻው ባለቤት ነው። ኮሚቴው ድርሻ የሚፈልግ ከሆነ እንደማንኛውም ሰው ሄዶ ይለምናል።

አቶ ሙዬንጋ ውሳኔ 1 ከተሻረ ምልዓተ ጉባኤ እንዳልነበረ፣ ምልዓተ ጉባኤ ካልነበረ ደግሞ ስብሰባው እንዳልተደረገ አሳሰቡ። ሊቀ መንበሩ ማሳሰቢያውን በምስጋና ተቀብሎ ያልተደረገውን ስብሰባ አሥር ሰዓት ላይ ዘግቷል። ቦ ነገ ጎሕ ሲቀድ ዱካ ይከተላል።

ሊቀ መንበሩ፣ ባለቤቱ ከአባል ቶማ ጋር፣ ሽማግሌው ዳምና ቦ ከስብሰባው እንደተነሡ በጸሐፊዋ ደጅ በኩል አድርገው፣ ጥቂት ተቀምጠው፣ ወደየቤታቸው ሄደዋል። የጸሐፊዋ ቤት በማናቸውም መንገድ ላይ አይደለም።

ኮዋና፣ ጸሐፊ