ለሁለቱም ቡድን የሚያጨበጭበው ሰውዬ

ቁጭ በሉ! እዚያ በር ላይ የተንጠለጠልሽው አንቺም ግቢና ቁጭ በይ፤ ቆሞ የሚሰማ ሰው ግማሹን ጥሎ ነው የሚሄደው። ምህረት፣ አንቺ ጻፊ። እኔ እንደምናገረው ጻፊ እንጂ እንደ ኮሌጅሽ አታሳምሪው። «አክስቴ ተሳስታለች» ብለሽ ካስተካከልሽው፣ ይሄን ዳጣ የፈጨሁበትን እጄን ዓይንሽ ላይ ነው የማሳርፈው።

ሰው መጠርጠር ኃጢአት ነው ይላሉ። ቸርችም ይሰበካል፣ ፍቅር ክፉ አያስብም ተብሎ። እኔም አሜን ብያለሁ። ግን የአገሩ ሰው ደግሞ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። እኔ ሁለቱንም ይዤ ነው የምኖረው፤ እሁድ አምናለሁ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እጠረጥራለሁ።

ሀብታም ስታዩ ሀብቱ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል አይደል? ላም ያለው ወተት ይፈልጋል። ወፍጮ ያለው የሰው እህል ፈጭቶ ይኖራል። ባጃጅ ያለው ሌላው ቢቀር ጩኸት ይወዳል። የኳስ ክለብ ያለው ሰው ግን ምን ፈልጎ ነው? ንገሩኝ እስቲ! ላብ የሚያንጠባጥቡ ጎረምሶች ይቀልባል፣ ታኬታ ይገዛል፣ ሲሸነፉ እሱ ይሰደባል። ሲያሸንፉም በዋንጫው ውሃ እንኳ አይጠጣበትም። እንዲህ ያለ ሰው ወይ ቅዱስ ነው፣ ወይ ሌላ ነገር አስቧል። ቅዱስ ደግሞ መስታወቱ በጠቆረ መኪና ሲሄድ እኔ አላየሁም።

ስሙን አልጠራም። ዘመዱ ብዙ ነው፤ ግማሹ የእኛም ዘመድ ነው። ጋሽ ክለብ እንበለው። «ልማታዊ ባለሀብት» የሚባል ነገር አገሩን በሞላበት ዘመን ነው ከች ያለው። እናንተ አታውቁም፣ ያኔ ሀብታም ሁለት ዓይነት ነበር፤ የወደዱት ልማታዊ፣ የጠሉት ኪራይ ሰብሳቢ። ጠዋት ልማታዊ ሆኖ ከቤቱ ወጥቶ ማታ ኪራይ ሰብሳቢ ሆኖ የገባም አለ። ጋሽ ክለብ ልማታዊ ነበር። ስለ እሱ የማይባል ነገር ደግሞ አልነበረም። አንዱ በቡና ነው የከበረው ይላል፣ አንዱ በኮንትሮባንድ ነው ይላል፣ ሌላው «ከላይ ሰው አለው» ብሎ ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል፤ እግዚአብሔርን ማለቱ ግን አይደለም።

እዚህ ሶዶ አንድ ክለብ፣ አረካ ሌላ ክለብ ነበረው። ታዲያ ሶዶና አረካ ሲጋጠሙ መሃል ላይ ወንበር አስደርጎ ይቀመጥና ለሁለቱም ያጨበጭባል። የእኛ ሲያገባ ያጨበጭባል፣ የእነሱ ሲያገባ ያጨበጭባል። ሁለት ሚስት ያለው ሰው እንኳ ሁለቱ ሲጣሉ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ይታያል። የእሱ ፊት ምንም! ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከሰውየው አልነቀልኩም።

ሰፈራችን ያለውን ሜዳ ታውቁታላችሁ፣ የዳሞታ ተራራ ከላይ ቁልቁል የሚያየውን። ጠዋት ላም ይግጥበታል፣ ከሰዓት ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል፣ ዋናው ሥራው ግን ለቅሶ ነው። ወላይታ ሳሎን ውስጥ ተከማችቶ በሹክሹክታ አያለቅስም። ሰው ሲሞት ከቤሌ በለው ከገሱባ ወገን ይጎርፋል፤ ያ ሁሉ ሰው የት ይገባል? ከቀብር መልስ ሜዳ ይወጣል። እዚያ ይዞራል፣ ይላቀሳል፣ ይዘመራል፣ የሟቹ ስም ተጠርቶ ያኔ ነው ሰው ወደየቤቱ የሚሄደው። ሜዳ ላይ ያልተለቀሰለት ሰው ሞተ አይባልም፣ ጠፋ ነው የሚባለው። ሜዳው የማን ነው ብትሉ የማንም። የማንም ስለሆነ ደግሞ ካርታ ያወጣለት የለም። ለለቅሶ ሜዳ ካርታ ማውጣት ለእንባ ቦኖ ውሃ እንደ መትከል ነው።

ጋሽ ክለብ መጀመሪያ የመጣው ሜዳ ሊጠይቅ እንዳይመስላችሁ። ሊያለቅስ ነው የመጣው። መኪናውን ሩቅ ያቆማል፣ ነጭ ጋቢ ይደርባል፣ አንገቱን ደፍቶ በእግሩ ይገባል። ወይ ማልቀስ! «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል፤ የእሱ ከአንጀት ይሁን ከሌላ ቦታ እንጃ እንጂ አይገድም ነበር። ባለ ሐዘኑ ደክሞት ሲያርፍ እሱ ይቀጥላል። ሴቶቹ «እንዴት ያለ የእናት ልጅ ነው!» አሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ለቅሶ የደረሰልህን ሰው እምቢ ማለት የለም። ብድር ቢጠይቅህ «ሚስቴን ላማክር» ትላለህ። ለቅሶህን ደርሶ የጠየቀህን ግን «እሺ» ነው።

እኔ ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ። የማንን ለቅሶ ነው የሚመጣው? የአንዷ ሟች ቤት ሜዳው ጥግ ነው። የሌላው ከሜዳው በላይ ነው። ከአስፋልቱ ወዲያ አንድ ደግ የቸርች ሽማግሌ ሞተው ከተማው ተነቅሎ ሲወጣ፣ ጋሽ ክለብ የለም! ሜዳውን የሚያዋስን ሬሳ ብቻ ነው እንባውን የሚያመጣው።

ይሄን ለሙደሲር ነገርኩት። ሙደሲር ሜዳው አጠገብ ጅምላ ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ነው፤ አባቱም እዚሁ ነግደው እዚሁ ነው የሞቱት። ዘይት እየቀዳልኝ፣ «እትዬ አስቴር፣ እኔ ነጋዴ ነኝ» አለኝ። «ነጋዴ ጨው በነጻ ካቀመሰሽ ጆንያውን ሊሸጥልሽ ነው።»

«ታዲያ ለምን አፍህን ከፍተህ አትናገርም?»

«የአባቴን ለቅሶ ደርሷል» አለና ዓይኑን ዘይቱ ላይ ተከለ። ይኸው! ሙደሲርም በእንባው ተያዘ።

ከዚያ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ ስለ ዕድገት ተናገረ፣ ስለ ወጣቱ ስፖርት ተናገረ፣ ስለ ልማታዊ ባለሀብታችን ሲናገርማ ውሃ ጠጣ። ነገሩ ሲጠቀለል ጋሽ ክለብ ለቡድኑ መለማመጃ ሜዳውን «ሊያጥርልን» ነው። ልብ በሉ፣ ሊያጥርልን! ከማን ሊያጥርልን እንደሆነ አልተነገረም። «ተቃውሞ ያለው?» ሲባል ሰው ሁሉ ጣሪያ ያያል። ማን ይናገር? በየቤቱ አልቅሷላ!

አዋ ዳና ብቻ ተነሱ። ስማቸው ዳና ነው፤ አዋ የምንላቸው አባት ለማለት ነው። የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ያኔ ሳል ጠንቶባቸው በከዘራ ነበር የሚሄዱት። «አባቴ እዚያ ሜዳ ነው የተለቀሰለት» አሉ። «አያቴም። የእኔም ቀን ሩቅ አይደለም፣ ደረቴ እየነገረኝ ነው። አንተ ካጠርክ እኔ የት ይለቀስልኛል? ጎሉ ውስጥ?»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ጋሽ ክለብ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። «አባቴ፣ በሩ ለለቅሶ ሁልጊዜ ክፍት ነው። እኔ ራሴ ቀድሜ እገባለሁ» አለ። ጭብጨባው! እኔ እጄን አወጣሁ። «ጥሩ፣ ታዲያ ይሄ ቃል ይጻፍልን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኩ። ሰፈሩ እኔ ላይ ነደደ። «አስቴር፣ አታፍሪም? የእናትሽን ለቅሶ የደረሰውን ሰው ፈርም ትያለሽ?» እውነትም የእናቴን ለቅሶ ደርሶ ነበር፤ የእናቴ ቤት ሜዳው ሥር ነው።  ቁጭ አልኩ። ሌላ አገር ሰው የሚታለለው በገንዘብ ነው አሉ። እኛን በእንባ ነው የበሉን።

ስንወጣ አዋ ዳና እጄን ያዙኝ። «ልጆቼ ሩቅ ናቸው አስቴር። መንገድ ላይ እንዳይለቀስልኝ» አሉ። «አይደረግም አዋ» አልኩ። አፌ ቀድሞ ማለ። በምን አቅሜ እንደማልኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

የቆርቆሮ አጥር ቆመ። ትልቅ የብረት በር ገባ፣ በሩ ላይ ኳስ ተሳለ። ልጆቹ መጀመሪያ ተለማመዱ፣ ፊሽካው ሲጮህ ላሜ ሁሉ ወተት ከለከለች። ቆይቶ ልምምዱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ሄደ። «ምነው?» ስንል «ሳሩ ይረፍ ተብሎ ነው» አሉን። እሺ ይረፍ። ግን ሳር ሲያርፍ በገልባጭ መኪና አሸዋና ድንጋይ ይገባለታል እንዴ? በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቄ ላይ ስል በውስጥ በኩል ሸራ ወጥረውበታል። ኳስ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሚያፍረው? ኳሱ ወጣ፣ አጥሩ ቀረ። እኔ ለሰው ስናገር፣ «አንቺ ደግሞ ሁሉን ትጠረጥሪያለሽ» ይሉኛል። አዋ ዳና ብቻ ሳላቸውን ገታ አድርገው በሩን ያያሉ፣ ከዚያ እኔን ያያሉ።

አዋ ዳና አረፉ። ጠዋት ቀበርናቸው። ከቀብር መልስ ሰዉ እንደ ወጉ ወደ ሜዳው ተመለሰ፤ የእድሩ ወንዶች መቃብር የቆፈሩበትን አካፋና ዶማ ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ናቸው። በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው ጨዋ ሰው ነው፣ ከእኛ ይልቅ እሱ አፍሮ፣ «ያለ ጋሼ ትእዛዝ አይከፈትም» ይላል። ከቤሌ በአውቶቡስ የመጣው ዘመድ አስፋልት ዳር ቆመ። መኪና ጡሩምባ እየነፋ በመሃላችን ያልፋል። የአዋ ዳና ሴት ልጅ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች መጥታ፣ «አስቴር፣ አባቴ መንገድ ላይ ሊለቀስለት ነው?» አለችኝ።  የማልኩላቸው ሰውዬ ገና አፈራቸው አልደረቀም።

ይሄኔ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ያ መኪና! ጋሽ ክለብ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ወረደ። እናንተ፣ ልማድ ክፉ ነው፤ የአዋ ዳና ቤት ሜዳውን ያዋስናላ! ለቅሶው ቤት ውስጥ ነው ብሎ ይሁን ወይም ረስቶት እንጃ፣ ራሱ የቆለፈው በር ላይ ሊያለቅስ መጣ። «ዋይ አባቴ!» ብሎ ሲጀምር ማንም አልተቀበለውም።  ብቻውን ሲያለቅስ ድምፁ እንዴት እንደሚያስጠላ ያን ቀን ሰማሁ።

ሄጄ ክንዱን ያዝኩ። «እንኳን መጣህ ልጄ። ቀድሜ እገባለሁ ብለህ ነበር፤ ግባ።»

በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰዉን አየ። «ቁልፉ አረካ ነው» አለ።

«እንጠብቃለን።»

«ዛሬ እንኳ የሚደርስ አይመስለኝም፤ ነገ…»

«ለቅሶ ለነገ ይቀጠራል እንዴ?» አልኩ።

ሙደሲር ሱቁን ዘግቶ ከኋላዬ ቆሞ ኖሮ፣ በዚያ በለሆሳስ ድምፁ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከጋቢዎ ሥር ቀበቶዎ ላይ የሚንሿሿው ምንድነው?» አይል መሰላችሁ! በለቅሶ መሃል ሳቅ ነውር ነው። የቤሌዎቹ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አፈኑ።

በሩ ተከፈተ። ሜዳው የለም! ከጥግ እስከ ጥግ የሱቅ መሠረት ተቆፍሮ፣ አፈሩ ክምር ክምር ሆኖ፣ የጎሉ ብረት አንድ ጥግ ተጋድሟል።  አንድ ሰው ድንጋይ ሊያነሳ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ያኔ ድንጋይ ቢነሳ ታስሮ የሚያድረው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማንም ድንጋይ አላነሳም። የእድሩ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ሽማግሌዎቹ እንዳይወድቁብን ለለቀስተኛ መንገድ እናስተካክል» ብሎ አካፋውን ክምሩ ውስጥ ሰካ።

አለቀ! ለለቀስተኛ መንገድ ማስተካከል ወግ ነው፤ ማን ይከለክላል? ሊቀመንበሩ እዚያው ቆሟል፣ ሳል ብቻ ይስላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፤ እኛ እንዘምራለን፣ የእድሩ ወንዶች መሠረቱን ይደፍናሉ፣ ለቀስተኛው እየዞረ በእግሩ ይጠቀጥቃል። አካፋ የሌለው በእጁ። የአዋ ዳና ልጅ ከአንዱ አካፋ ተቀብላ ለጋሽ ክለብ አቀበለችው። «ለአባቴ» አለችው። እምቢ ይበላ እስቲ! ጋቢውን አጣፍቶ የገዛ መሠረቱን በገዛ እጁ ደፈነ። ስንት ለቅሶ ላይ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፤ ከአንጀቱ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አዋ ዳና ሜዳቸው ላይ ተለቀሰላቸው። ስማቸው ተጠራ። ልጃቸው ስትሰናበተኝ ግንባሬን ሳመችኝ።

ጋሽ ክለብ ተመልሶ አልቆፈረም። ሊያስቆፍር ሰው ቢፈልግ «ለቅሶ የተረገጠበትን አፈር አንገለብጥም» አሉት፤ አረካዎቹም እንዲሁ አሉት፣ እነሱም የሚለቀስላቸው ሰዎች ናቸው። ቆይቶ በግምገማ ኪራይ ሰብሳቢ ተባለ፤ ከሁሉ አብልጦ የጮኸው ያው ሊቀመንበራችን ነው አሉ። እኔ ግን እሱንም እጠረጥራለሁ፤ ቆርቆሮው የት እንደገባ እስካሁን አልተነገረንም።

እና ሜዳው ዛሬም የማንም ነው። የማንም የሆነ ነገር ግን ጠባቂ ይፈልጋል። ለዚህ ነው እኔ ከለቅሶ የማልቀረው፤ እናንተ «አክስት ለቅሶ ትወዳለች» ትላላችሁ። የማይመለከተው ሰው አብዝቶ ሲያለቅስ ለማየት ነው የምሄደው። ባለፈው ለምሳሌ አንድ ፊቱን የማላውቀው ወጣት፣ ጫማው የሚያበራ፣ ከባለ ሐዘኖቹ በላይ ሲንሰቀሰቅ ጠጋ አልኩና «የማን ወገን ነህ ልጄ?» ብለው፣ «የሁላችሁም» አይለኝም! የሁላችንም! እኔም እጁን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና…

ማነው የሚጠራኝ? ምን? ላሚቱ? የማን ጎደሬ ማሳ ውስጥ? ወይ ጉዴ፣ መጣሁ! ነጠላዬን አቀብሉኝ! ምህረት፣ አንቺ እንዳታቆሚ፣ እጁን ያዝኩና ምን አልኩት፣ «ልጄ፣ እዚህ ሰፈር የሚያለቅስ ሰው መጀመሪያ አካፋ ይይዛል…»