ጭቃው ይውጣ ወይስ ይቅር?

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ቀጥተኛ ጥያቄ ሲጠየቅ ጥርሱን የሚነቅሉት ያህል የሚጨንቀው አንድ ባለሙያ አይጠፋም። ዛሬ ይዘንባል ወይ ቢሉት ስለ ደመና ዓይነቶች ያስረዳል። የሐይቁን ውሃ በሚመረምረው ላቦራቶሪ ይህን ማዕረግ የያዙት አንድ አንጋፋ ኬሚስት ነበሩ፤ ባልደረቦቻቸው ከፊታቸው «ጋሼ»፣ ከኋላቸው «ክቡር እንደ ሁኔታው» ይሏቸዋል።

የላቦራቶሪው ኃላፊ በዕድሜ ልጃቸው ብትሆን ነው፤ ትዕግሥቷን የጨረሱባት ግን እሳቸው ናቸው። ዓሣው ይበላል ወይ ስትላቸው፣ የትኛው ዓሣ፣ ከየት የተያዘ፣ ስቡ ምን ያህል የሆነ ብለው ጥያቄዋን አባዝተው ይመልሱላታል። አንድ ጊዜ ለልደቷ ኬክ አቅርባ ጣፈጠዎት ወይ ብትላቸው «ጠርዙ ነው መሃሉ?» ብለዋል።

ደግሞ ከአፋቸው የማይጠፋ አባባል አላቸው፤ «መኖሩ ሌላ፣ መግባቱ ሌላ»። መርዝ ሐይቁ ውስጥ አለ ማለት የዓሣው ገላ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም ለማለት ነው። ጭቃ ላይ የተጣበቀው አብዛኛው እዚያው ታስሮ ይቀመጣል። ይበልጥ የሚያሰጋው ተላቆ ውሃው ውስጥ የሟሟው ነው፤ ዓሣው ሲተነፍስ ይገባና ስቡ ውስጥ ይከማቻል። ኃላፊዋ ይህን ከመስማቷ ብዛት ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ስልኳ የጠራ ታስመስል ነበር።

ሐይቁ ዳር የነበረው፣ እንጨት እንዳይነቅዝ የሚያክመው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ እንጨቱን ይነክርበት የነበረው ቅባታም መርዝ ግን ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። ከንቲባው ጭቃውን በማሽን አስዝቀው ለማውጣት ቆርጠው ተነሡ። ማሽኑ መጥቶ ዳር ላይ ቆመ። ኃላፊዋም ደግፋው ነበር፤ ቆሻሻ ይወጣል፣ ሐይቅ ይጸዳል፣ ምኑ ያከራክራል? ዓሣ አጥማጆቹ በተገኙበት ስብሰባ ከንቲባው ለወጉ ያህል ወደ ኬሚስቱ ዞረው፣ ጭቃው ይውጣ ወይስ ይቅር ሲሉ ጠየቁ። ኃላፊዋ ለረጅሙ መልስ ወንበሯ ላይ ተደላደለች።

«ይቅር» አሉ ጋሼ።

ሰው ሁሉ ቀሪውን ጠበቀ። ቀሪ አልነበረም።

ከንቲባው ፊታቸውን አጨፍግገው ወደ ኃላፊዋ ዞሩ። «ይውጣ» ብላ አንድ ቃል ብትተነፍስ ማሽኑ በማግስቱ ሥራ ይጀምራል፣ እሷም ከከንቲባው ጋር አትቀያየምም። እሷ ግን ዞር ብላ ጋሼን አየቻቸው። ስለ ኬክ እንኳ አፋቸውን ሞልተው የማይናገሩ ሰው እንዲህ ቁርጥ አድርገው የተናገሩት አንድ ነገር ቢታያቸው ነው ስትል አሰበች።

«ሳንሞክረው ባይነካ ይሻላል» አለች። «ጥቂት ጊዜ ይስጡን።»

ከንቲባው እያጉረመረሙ ፈቀዱ።

ከሐይቁ የመጣ ጭቃና ውሃ በሁለት የመስታወት ገንዳ ተሞላ፤ ከንጹሕ ኩሬ የመጡ ዓሣዎች ተጨመሩበት። አንዱ ገንዳ ሳይነካ ተቀመጠ። የሌላውን ጭቃ ጋሼ ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው እየተመላለሱ ያማስሉታል፤ ማሽኑን መሆናቸው ነው። በኋላ የዓሣዎቹ ስብ ሲመረመር፣ ካልተነካው ገንዳ የወጡት ጥቂት መርዝ ነበራቸው፤ ከተማሰለው የወጡት ግን የዚያን ብዙ እጥፍ። ኃላፊዋ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እሷ ደግፋው በነበረው ሐሳብ ማሽኑ ገብቶ ቢሆን፣ ዓሣ አጥማጆቹ ለልጆቻቸው የሚያበሉት ይህንኑ ነበር።

ማሽኑ ወደመጣበት ተመለሰ። ጭቃው ሳይናወጥ፣ መርዙን አጥብቆ የሚይዝ የከሰል ዱቄት ከአሸዋ ጋር ተነሰነሰበት፤ ከሐይቁ ወለል የሚመገበውን ዓሣ ማጥመድም ለጊዜው ተከለከለ። ከንቲባው በአደባባይ ጋሼን «ቁርጥ ያለ ነገር የሚናገሩ ሰው» ብለው ሲያመሰግኑ የላቦራቶሪው ሰው ሁሉ ሳቁን መያዝ አቃተው።

በዚያው ቀን ከሰዓት ኃላፊዋ ክፍላቸው ገብታ፣ በስብሰባው ላይ ምን ነክቷቸው እንዳሳጠሩት ጠየቀቻቸው።

«ባስረዝመው ኖሮ ከንቲባው መሃሉ ላይ ጭቃውን ለማውጣት ፈቃድ ፈልገው ያገኙበት ነበር» አሏት።

ሳቀች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «አሁን ከንቲባው የሉም» አለች። «ረጅሙን ይንገሩኝ።»

ጋሼ መነጽራቸውን ወለወሉና ከጭቃው ቅንጣት ጀመሩ። ሊመሽ ሲል የጽዳት ሠራተኛዋ ገብታ ወለሉን መጥረግ ስትጀምር ኃላፊዋ እግሮቿን ብቻ አነሣችላት።