የአንድ ግስ ሊቅ

ሳይጠየቅ የሚያስተምር ሊቅ ያልታደለው ሰፈር የለም። የቂርቆስ ሰፈር ድርሻ አቶ ሀብተሥላሴ ነበሩ፤ ለአጥር ጎረቤታቸው ለሸዋዬ ደግሞ የዕለት መከራዋ።

ሊቁ ከጠላት ወረራ በፊት ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ተምረዋል። ጣሊያን ቤት ለቤት ሲፈትሽ መዝገበ ቃላታቸውን ሽንት ቤት ጣሉት። የተረፈቻቸው ኮታቸው ገበር ውስጥ የሰፏት አንዲት ገጽ ናት፤ እሷም ስለ አንድ ግስ ብቻ ታወራለች፦ ጊቭ አፕ። አምስት ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ያንኑ ተማረ።

ሸዋዬ ካዛንቺስ ለጣሊያን ሹማምንት በተሠሩት ቤቶች ልብስ አጥባ ስትመለስ ደጇ ላይ ይጠብቋታል።

«ጊቭ አፕ መተው ነው። ተስፋ መቁረጥም እሱው ነው። እጅ መስጠትም፣ የያዙትን ማስረከብም። በይ!»

«ጊብ አፕ።»

«ጥርስ ከከንፈር! ‹ቭ› እንጂ ‹ብ› አይደለም!»

«ጋሼ፣ ሁሉን ትቶ ሁሉን አስረክቦ፣ እንግሊዝ ታዲያ በምን ይኖራል?»

በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ሲያልቅ እንግሊዞች ገቡ። የሸዋዬ ወንድም ወዳጆ ለአርበኞች ደብዳቤ አድርሰሃል ተብሎ ከታሰረ ስምንት ወሩ ነበር፤ ወህኒ ቤቱን ግን ገና የጣሊያን ዘበኛ ይጠብቀዋል። ለእንግሊዙ መኮንን የሚናገርለት ያለው እስረኛ ይፈታል የሚል ወሬ ሲሰማ ሸዋዬ ኩራቷን ዋጠች። «ጋሼ፣ ይድረሱልኝ!»

ሊቁ ኮታቸውን ለብሰው ከወህኒው በር ቆሙ። መኮንኑ አንድ ነገር ተናገረ፤ አንዲትም ቃል አልገባቸውም። ላብ አጠመቃቸው። በመጨረሻ ጥርሳቸውን ከከንፈራቸው አገናኝተው «ጊቭ አፕ ወዳጆ!» አሉ። መኮንኑ ስቆ አለፋቸው።

ሸዋዬ በኀፍረት ተከናነበች። «ይተዉት ጋሼ፣ እንሂድ።»

«መተው የሚለው ፍቺ ለእናንተ ነው፤ የእኔ ማስረከብ የሚለው ነው» አሉ፣ ሳይነቃነቁ።

ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ቆሙ። መኮንኑ ሲገባ «ጊቭ አፕ ወዳጆ!»፣ ሲወጣ «ጊቭ አፕ ወዳጆ!» በሦስተኛው ቀን መኮንኑ መረረውና ዘበኛውን በሩን አስከፈተው።

ወዳጆ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ወጣ። እህቱን አቅፎ ካለቀሰ በኋላ ከግንቡ ወዲያ ሲሰማ የሰነበተውን እየሳቀ መለሰላቸው፦ «ጊብ አፕ፣ ጋሼ!»

ሊቁ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ቀሰሩ። ያኔ አፉን አዩት። የፊት ጥርሶቹ አልነበሩም።

ጣታቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አሉ። «እንዲህም ይባላል።»

ሸዋዬ ተደፍታ ጉልበታቸውን ሳመች።