የማያልቀው የባትሪ ድንጋይ

ዘንድሮ የሳይንስ ሰዎች ጭንቀታቸው ሁሉ በትንሽ ባትሪ ብዙ ኃይል ማጨቅ ሆኗል አሉ። ሊቲየም የሚሉት ባትሪ ዋልታው እንዲህና እንዲያ ቢደረግ፣ ክብደቱ ሳይጨምር ዕድሜው ይረዝማል። ደግ! ግን ነገር ሁሉ ሲረዝም መልካም እንደሚሆን ማን ነገራቸው? ይህን የምለው ሊቅ ስለሆንኩ አይምሰላችሁ። የነገሌ ሰው ስለሆንኩ ነው።

በደርግ ዘመን ነው። ዝናብ መንገዱን ቆርጦት፣ ከሀገረ ማርያም የሚመጣው መኪና ቀርቶ፣ ከተማችን የባትሪ ድንጋይ አጣች። ያለቀውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣው፣ በጥርሱ የሚነክሰው፣ እንደ ድንች የሚቀቅለው በዛ። የኬሚስትሪ መምህሩ ጓደኛዬ አብዲ ይህን ሁሉ ናቀ። የሐጂ ኢብራሂምን ልጅ ሩቂያን ሊያገባ ቀን ተቆርጦለታል፤ የሠርጉ ቴፕ መሀል ላይ እንዳያቃስትበት ሰግቷል። ስለዚህ የሞቱትን ድንጋዮች ፈለቀቀ፤ ጥቁሩን ዱቄት አደረቀ፣ ወቀጠ፣ ነፋ፤ የሁለቱን ድርሻ በጨው ውሃ ለውሶ በአንዱ ቆርቆሮ ጠቀጠቀው። እጁ ከከሰል ነጋዴ እጅ ባሰ። ቴፑ ግን ቀኑን ሙሉ ዘፈነ።

ወሬ እግር አለው፤ ቀበሌ ገባ። የሊቀመንበራችን ድምፅ የሰለለ ስለነበር ስብሰባ የሚመሩት በእጅ ድምፅ ማጉያ ነው። ማጉያው ሲደክም ስብሰባው ያበቃል። ለዚያ ባትሪ ማለቅ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል፣ ክርስቲያኑ ይሳላል። በሃይማኖት እኩልነት የምናምን ሕዝብ ነበርን።

በሠርጉ ዕለት ጠዋት ሊቀመንበሩ አብዲ ቤት ደረሱ። «አካም፣ መምህር! ናጋ?» አሉ ፈገግ ብለው። «ድንጋዮችህን አውሰን። አጭር ስብሰባ ናት።»

እምቢ ይባላል? አልተባለም። መቅረትም አይታሰብም፤ ከስብሰባ የቀረ ጠላት ነው። ስለዚህ ሙሽራው በሙሉ ልብሱ፣ እኔ ሚዜው፣ የሙሽሪት አባትና ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰጣን። ንግግሩ በጽዳት ተጀመረ፤ ወደ ምርት ተሻገረ፤ ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ገና ኢምፔሪያሊዝም ላይ ነበርን። ማጉያው ጭራሽ እየጎላ ሄደ።

ሐጂ ወደ አማቻቸው ጎንበስ አሉ። «ማል ጎቴ፣ አንተ ልጅ? ምን ከተትክበት?»

«ጠቀጠቅሁት፣ አባ።»

«ምናለ ትንሽ ብትሰስት!»

አብዲ ላቡን ጠርጎ ፈቃድ ሊጠይቅ ተነሣ። «ጥያቄ በመጨረሻ!» አለ ማጉያው። መጨረሻ የሚባል ነገር መቼ እንደሚመጣ ከአብዲ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ፊቱን ባየሁት ጊዜ ሳቄ ጠፋ። ቤት የምትጠብቀው ልጅ የተከዳች ቢመስላትስ?

ያን ጊዜ ከበሮ ተሰማ። ሩቂያ ናት፤ ተሸፋፍና፣ ሴቶቹን አስከትላ፣ ሙሽሪት ከቤት አትወጣም የሚለውን ወግ ረግጣ መጣች። ሕዝቡ ተከፈለላት። ቀጥ ብላ ሄዳ ማጉያውን ከሊቀመንበሩ እጅ በትሕትና ወሰደች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ባሌን ፈልጌ ነው።»

ድምፅዋ እስከ ገበያው ተሰማ። ሊቀመንበሩ ሕዝቡን አዩ፤ ከበሮውን አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስብሰባው» አሉ በሰለለችው ድምፃቸው፣ «በሙሉ ድምፅ ወደ ሠርግ ተዛውሯል!» በዚያ ሜዳ ከልብ ሲጨበጨብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መንገድ ላይ ሩቂያ ወደ ባሏ ዘንበል ብላ የመጀመሪያውን የትዳር ምክር ሰጠችው።

«አብዲ፣ ከእንግዲህ የሞተ ነገር አታስነሣ።»