እንግዳው ይቀመጥ

መብራት በሚጠፋበት ከተማ ሁሉ፣ መብራት ሲመጣ የሚቆጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ደብረ ታቦር ውስጥ ለእኛ ሰፈር የደረሱን መምህር ሙላቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ማንም ያልሾማቸው የኤሌክትሪክ ሚኒስትር።

መብራት መጣ ሲባል ሰፈሩ እልል ብሎ ወደ ማብሪያው ይሮጣል። ክቡርነታቸው አጥር ላይ ወጥተው «ቆዩ! እንግዳው ይቀመጥ» ይላሉ። መብራቱ ሲመለስ እንደ ደራሽ ጎርፍ ነውና መጀመሪያ ይርጋ ማለታቸው ነው። የእኔ ቴሌቪዥን በዚሁ ጎርፍ ሄዷል። ይበልጥ የሚያናድደው ትክክል መሆናቸው ነው።

ጩኸቱ አልበቃ ብሏቸው ጎርፉን የምታስቀር ነገር በእጄ እሠራለሁ ብለው ተነሡ። የካፖርት ቁልፍ የምታህል የሸክላ ክብ ናት። ነጭ የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት፣ ጥቂት ቢስመዝ፣ ኮባልትና ማንጋኒዝ ደግሞ በጥፍር ጫፍ፤ ተደባልቆ፣ ተጠፍጥፎ ይተኮሳል። ደህና መብራት ሲያልፍ ክቧ ዝም ትላለች፤ ጎርፉ ሲመጣ በሯን ከፍታ ወደ መሬት ታወርደዋለች። ይህን ዐሥራ አንድ ጊዜ አስረድተውኛል፤ አንዴ ለቅሶ ቤት።

መተኮሻው የቀጥቃጩ የፈንታሁን ምድጃ ነው። ለአነስተኛ ቮልት የምትሆነው ክብ ውስጧ ያለው የዱቄት ቅንጣት፣ በእሳቸው ቋንቋ ፍሬው፣ መተለቅ አለበት፤ ለዚያ ረጅም እሳት ያስፈልጋል። ስለዚህ ፈንታሁን ገበሬውን ሁሉ አስቀምጦ ወናፍ ሲነፋ ይውላል። አንድ የጉና ሰው ማረሻውን ታቅፎ ከጠዋት ጀምሮ ቢጠብቅ ጊዜ፣ «መምህር፣ ይቺ ዳቦ አልበሰለችም?» አላቸው።

«ፍሬዋ ይደግ» አሉት።

ሠላሳ ስድስት ክብ ከሸፈ። አንዷማ ደህናውንም መብራት ወደ መሬት አፍስሳ ግቢያቸውን አጨለመች።

ከዚያ ጎረቤታችን የሺ ስድሳ እንቁላል የሚይዝ ማስፈልፈያ አመጣች። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ዐሥራ ሁለት ቮልት የሚበላ ሰሌዳ ነው፤ እሱ ከተቃጠለ ስድሳውም በርዶ ይቀራል። መምህር ሠላሳ ሰባተኛዋን ይዘው ከተፍ አሉ።

«መምህር፣ ጫጩቶቼን መማሪያ ሊያደርጓቸው ነው?» አለች የሺ። ሌላ መላ ግን አልነበራትም፤ አስገጠመች።

በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ መብራት ሄዶ ተመለሰ። ከየሺ ቤት «ጧ» የሚል ድምፅ ወጣ። ሮጠን ገባን። ክቧ ለሁለት ተሰንጥቃለች፤ ፊውዙ ተበጥሷል። መምህር ፊውዙን ቀየሩ። የሰሌዳው ቀይ መብራት ቦግ አለ። የሺ እንቁላሎቹን ትታ እሳቸውን አቀፈች።

ከሁለት ቀን በኋላ አርባ ሰባት ጫጩት ተፈለፈለ። መምህር ዞረውም አላዩ። ስብርባሪውን በመሐረብ ቋጥረው ደብተራቸው ላይ «ቁጥር ሠላሳ ሰባት፣ በሥራ ላይ አረፈች» ብለው ጻፉ።

ባለፈው ሳምንት ለጉልበታቸው ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወረዱ። እሑድ ከሰዓት መብራት መጣ። እልል ያለ የለም። ሰፈሩ እጁን ማብሪያው ላይ አድርጎ ባዶውን አጥር ያያል። አላስቻለኝም፤ ይህን ሁሉ ቦርጭ ተሸክሜ አጥር ላይ ወጣሁ።

«ቆዩ! እንግዳው ይቀመጥ» አልኩ። ትንሽ ጠብቄ «አብሩ» አልኩ።

ማንም አላበራ። የሺ ከታች አንጋጣ፣ «አቻኮልከው፤ እሳቸው ከዚህ ይበልጥ ያስጠብቁናል» አለችኝ።

እኔም እዚያው አጥር ላይ ሆኜ መጠበቄን ቀጠልኩ።