አክስቴ፣ ዐቃቤ ሰመመን

በየቤተ ዘመዱ አንድን ክፉ ነገር እንድትጠብቅ የተሾመች አንዲት አክስት አለች። ሹመቱን ማን እንደሰጣት አይታወቅም፤ የሚሽራትም የለም። አንዷ ነፋስን ትጠብቃለች፤ መስኮት ተከፍቶ ካየች የሳንባ ምች ገባ ትላለች። የእኛዋ፣ ነፍሷን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልንና፣ የምትጠብቀው እንቅልፍን ነበር። የአልጋ እንቅልፍን አይደለም፤ ሐኪሞች ሰውን ለቀዶ ጥገና የሚያስተኙበትን እንጂ። ስለዚህም እኛ የወንድሟ ልጆች በሹክሹክታ «ክብርት ዐቃቤ ሰመመን» ብለን ሰይመናት ነበር።

ነገሩ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ የተሰበረ እግሩን ሊያስጠግን እየቀለደ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባ። የማደንዘዣውን ጋዝ እንደሳበ መንጋጋው ተቆለፈ፤ ጡንቻው እንደ እንጨት ደረቀ፤ ገላው እንደ ምድጃ ነደደ፤ ከቀትር በፊትም ዐረፈ። በጊዜው «ዕድሉ ነው» ተባለ። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን አንድ ሽማግሌ ሐኪም ታሪኩን ሰምተው፣ በዘር የሚወርድ ነገር መሆኑን፣ የሚቀሰቅሱትም አንዳንድ የማደንዘዣ መድኃኒቶች ብቻ መሆናቸውን፣ ያለበትም ሰው እስከዚያች ቀን ድረስ እንደ ማንኛውም ጤነኛ እንደሚኖር አስረዷት። የመድኃኒቶቹንም ስም በደብተሯ ላይ ጻፉላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ ዕረፍት አላገኘችም፤ እኛም አላገኘንም።

ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ ጢሜን አሳድጌ፣ ጥርስ ላስነቅል ስሄድ ተከትላኝ መጣች። በእኔና በጥርስ ሐኪሙ መካከል ቆመች።

«ልጄ፣ የምትወጋው የሚያደነዝዝ ነው ወይስ የሚያስተኛ?»

«ድዱን ብቻ ነው የሚያደነዝዘው፣ እማማ።»

«ብልቃጡን እስኪ አሳየኝ።»

የፈረንጁን ፊደል ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን ብልቃጡን ከደብተሯ ጎን አስጠግታ፣ አንዱን ፊደል ከአንዱ እያስተያየች እስክትጨርስ ድረስ እኔ አፌን እንደከፈትሁ ቆየሁ። በመጨረሻም፣ «ደብተሬ ላይ የለም። ቀጥል» አለችው። ሐኪሙም፣ ምስኪን፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላት።

እኅቴን ሊያጩ የመጡት ሰዎችም አላመለጡም። ሁሉም ስለ ትምህርትና ስለ ጠባይ ሲጨዋወት፣ እርሷ ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ «ለመሆኑ በእናንተ በኩል ሐኪም ቤት ተኝቶ ያልነቃ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

የሙሽራው አባት ደነገጡ። «ኧረ እኛ በፈጣሪ ቸርነት ጤነኞች ነን።»

«የእኔም ወንድም ጤነኛ ነበር» አለች።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ደግነቱ ሠርጉ አልቀረም።

ከሁሉ የከፋው ግን ቀዩ ክር ነበር። አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የቤተሰቡ ልብስ ሁሉ በእጇ ያልፋል። በእያንዳንዱ ኮሌታ ውስጥ «ይህን ሰው በጋዝ አታስተኙ፤ በዘሩ አለ» የሚል በቀይ ክር የተጠለፈ ቁራጭ ጨርቅ ትሰፋ ጀመር። ጨርቁ ይኮሰኩሳል። እኔ በማተሚያ ቤት አራሚ ነበርሁና፣ አንድ ባልደረባዬ ኮሌታዬን ገልጦ አንብቦ፣ «ሰውዬው ከነመመሪያው ነው የመጣው» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ሸሚዝ በተቀበልሁ ቁጥር፣ ጨርቁን በምላጭ ፈትቼ መጣል ልማዴ ሆነ። ለእርሷ ግን፣ «እትዬ፣ አለ፣ አለ» እላታለሁ። ይቅር ይበለኝ።

አንድ ቀን ጠዋት የእርማት ወረቀት ታቅፌ ስወርድ ከማተሚያ ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቅሁ። ጣፊያዬ ፈነዳ። ስለ እኔ የሚናገር አንድም ዘመድ በሌለበት፣ ራሴን ስቼ፣ ሐኪም ቤት ደረስሁ። ነርሷ ልብሴን በመቀስ ቀደደች፤ ኮሌታዬ ባዶ ነበር። የጋዙ ጭምብል ተዘጋጅቶ ሳለ ሱሪዬን ስትቀድ፣ ከወገቡ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀይ ክር አየች። ጮክ ብላ አነበበችው። ሰመመን ሰጪው ጭምብሉን አስቀምጦ፣ በደም ሥር በሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አስተኛኝ። በኋላ በተደረገልኝም ምርመራ ያ የአጎቴ ነገር በእኔ ውስጥ ተገኘ።

ስነቃ አክስቴ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ፣ የተቀደደውን ሱሪዬን ትጠግን ነበር።

«እትዬ፣ የኮሌታውን እንደምፈታው ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከመጀመሪያው ሸሚዝ። ምላጭ ጨርቅ ላይ ምልክቱን ይተዋል።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ብቆጣህ ሱሪውንም ትፈትሽ ነበራ።»

ካረፈች አሥራ ሦስት ዓመት ሆነ። ያ ሱሪ አለቀ፤ ጨርቁ ግን ከልብስ ወደ ልብስ ሲሻገር እዚህ ደርሷል፤ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ስፌቴን ብታየው ፈትታ እንደገና ትሰፋው ነበር። ይህን ስጽፍም ከአንገቴ ሥር ነው። ይኮሰኩሰኛል፤ እጄ ግን ወደ ምላጭ አይሄድም።

በዘር የሚወርድ ነውና ለሴት ልጄም በአዲሱ ሸሚዟ ኮሌታ ላይ ሰፍቼላት ነበር። ባለፈው ሳምንት ልብሷን ሳጥፍ፣ ጨርቁ በምላጭ ተፈትቶ አየሁ።

አልተቆጣኋትም። የሱሪዋን ወገብ ገልብጬ፣ መነጽሬን አደረግሁና መርፌዬን ፈለግሁ።