ጋሼ ኪሎሜትርና የሰው በረራ

ርቀት የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሻንጣ ስታነሡ ካያችሁ አለቀላችሁ፤ የምትሄዱበትን አገር ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። በእኛ ሰፈር፣ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጎን የሚኖሩት ጡረተኛ የሒሳብ መምህር የዚህ ነገድ አለቃ ነበሩ። ሰፈሩ ስማቸውን ረስቶ ጋሼ ኪሎሜትር ይላቸዋል።

ክቡርነታቸው በዕድሜያቸው አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ሙሽሮችን ግን "አራት ሺህ አንድ መቶ ኪሎሜትር፤ አምስት ሰዓት ከሩብ" ብለው ነው የሚሸኙት። ለቅሶ ቤት ገብተው ሳይቀር፣ ከሩቅ የሚመጣው ልጅ ስንት ሰዓት እንደቀረው ለሐዘንተኛው በጆሮው ሹክ ይሉታል። "አየር ላይ ላለ ሰው መሬት ላይ የሚቆጥርለት ያስፈልገዋል" ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ ትስቅ ነበር።

አንድያ ልጇ ለትምህርት የሄደች ዕለት ግን ሳቁ ቀረ። ጋሼ በጠዋት ወንበራቸውን ይዘው ስፌት ቤቷ ገቡ።

"ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ኪሎሜትር፤ አሥር ሰዓት ተኩል" ብለው ተቀመጡ።

እየቆጠሩ ዋሉ። "በረሃውን ጀመሩ።" "አሁን ተራራው ላይ ናቸው፤ ትንሽ ያናውጣቸዋል።" ልክ ሰባት ሰዓት ሲል ዝም አሉ። ማንም ሳይነካው የስፌት መኪናው ጎማ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ ዞረ።

"ምነው ጋሼ?"

"ዞሩ።"

"ምን ማለት ነው ዞሩ?"

"መንገዳቸውን ለቀቁ፣ ልጄ። አታናግሪኝ፤ ቁጥሩ ይጠፋብኛል።"

ስልክ ብትሞክር አይሠራም። ጋሼ ዐይናቸውን ጨፍነው ደቂቃ ይቆጥራሉ፤ ላብ በአንገታቸው ይወርዳል። ሃምሳ ሁለት ላይ ሲደርሱ በረጅሙ ተነፈሱ።

"አረፉ። የት እንደሆነ ግን አላውቀውም።"

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። "እማዬ፣ ሰው ታሞ ሌላ ከተማ አረፍን። ደኅና ነኝ" አለች ልጅቷ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሲያናውጠን ግን አንድ ሽማግሌ ሲቆጥር ይሰማኝ ነበር። ዞሬ ባይ ማንም የለም።"

ከዚያን ቀን ወዲህ ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችባቸውም፤ ፈራቻቸው። በሯ ላይ ሲያልፉ ቀና ብላ አታይም።

በዓመቱ ባሕር ማዶ ያለችው እህታቸው ታመመችና ጋሼ ራሳቸው ሊበሩ ሆነ። ሰፈሩ ለሽኝት ወጥቶ "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ቢላቸው፣ "የራሴን አላውቀውም" አሉ። የኮታቸው ቁልፍ እምቢ አላቸው፤ ልብስ ሰፊዋ ቀርባ ቆለፈችላቸው።

"ለእኔስ ማን ይቆጥርልኛል?" አሉ ቀስ ብለው።

ታክሲው ሲሄድ ስፌቷን ወዲያ አድርጋ ተቀመጠች። ስለ ርቀት የምታውቀው ነገር የለም፤ እንዲያው ከአንድ ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ቀሚስ ልትለካ የገባች ደንበኛ ሰላም ስትላት፣ ሳታስበው ከአፏ "ባሕሩን ጨረሱ" የሚል ወጣ። ድምፁ የሷ አልነበረም። ደንበኛዋ ቀሚሷን ትታ ወጣች።

አመሻሽ ላይ ጋሼ ደወሉ።

"ደረስኩ፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ" አለች፤ እንባዋን በመለኪያ ሜትሯ ጫፍ እየጠረገች። "ካረፉ ሃያ ደቂቃ ሆነዎት እኮ። እስካሁን ሳይደውሉ ምን ይሠራሉ?"